ከኦፔራሲዮን በፊት እህል ስለ መከልከል

ሐኪም በሽተኛውን ከኦፔራሲዮን አስቀድሞ እህል እንዳይቀምስ ሲከለክለው ለዘመዶቹ ጭካኔ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዱም ጉልበት ይሁነው ብሎ በስውር ያጎርሰዋል። ጉርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን በዚህ ሰዓት ነፍስ የሚያሳልፍ ነው።

ሰው በተፈጥሮ እንቅልፍ ሳለ ምግብ ወደ ትንፋሹ ቧንቧ ቢጠጋ ያስለዋል፥ ይነቃልም። በሰመመን መድኃኒት ለተኛ ሰው ግን ይህ ዘበኛ አይሠራለትም፤ ምላሱም ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ኦክሲጅን ያስተነፍሰዋል፤ ካስተኛውም በኋላ አገጩን ወደ ላይ አንሥቶ የትንፋሹን መንገድ ይከፍታል፤ ብዙ ጊዜም በድምፅ አውታሮች መካከል ቧንቧ ያገባለታል። ቧንቧው እስኪገባ ድረስ ያለችው ጥቂት ደቂቃ እጅግ የምታስፈራ ናት፤ ጨጓራው ሙሉ የሆነ እንደ ሆነ ምግቡ ወደ ላይ ተመልሶ ከሳንባው ይገባልና።

የኒውዮርኩ ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ከ44,016 ወላዶች መካከል በሰመመን ሳሉ ይህ የደረሰባቸው 66 መሆናቸውን፥ ከእነዚህም ሁለቱን ያልላመ ምግብ አንቆ እንደ ገደላቸው ገልጿል።

ዛሬ የሚሠራበት ደንብ ለጤነኛ ጎልማሳ ከቀላል ምግብ 6 ሰዓት፥ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት መቆየት ነው፤ ጮማ የበላ ከዚህ አብልጦ ይቆያል። ወተትም ከምግብ እንጂ ከውሃ አይቆጠርም። አንዲት ጉርሻም ብትሆን የቀመሰ ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፤ ቀኑ ይተላለፍለታል፥ ነገሩ የሚያስቸኩል ቢሆንም ሐኪሙ አውቆ ይጠነቀቅለታል።