ጎረቤት ስለ ድምፅ ሲያመለክት፦ ወረዳው ምን ያደርጋል? እኛስ?

በከተሞቻችን በአንድ ሰፈር ውስጥ ብዙ ነገር ተጠጋግቶ ይኖራል። ከመኖሪያ ቤቱ ጎን ግሮሰሪ፣ ከግሮሰሪው ማዶ የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ ከዚያ ጀርባ ደግሞ የአምልኮ አዳራሽ ይገኛል። ስለዚህ የድምፅ፣ የጭስ፣ የቆሻሻና የጸጥታ አቤቱታ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች እንግዳ ነገር አይደለም።

እኛ አማኞች በዚህ ጉዳይ በሁለቱም ወገን እንገኛለን። አንዳንድ ጊዜ ከአጠገባችን የተከፈተው መጠጥ ቤት እንቅልፍ ነሥቶን አቤት የምንለው እኛ ነን። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በሌሊት ጸሎታችንና በድምፅ ማጉያችን ምክንያት አቤት የሚባልብን እኛው ነን። በሁለቱም ወገን ስንቆም የምንይዘው መለኪያ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚልና አቤቱታ በምን መንገድ እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የምንወስደው አዲስ አበባን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የጎረቤት መብት በአገራችን ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ከመልካም ጉርብትና በላይ የሆነ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት በስም ተጠቅሰዋል።

ከዚያ በኋላ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 6 የድምፅ መጠን ደረጃ እንዲወጣ አዘዘ። በወጣው ደረጃ መሠረት የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን በዴሲቤል ሲለካ የሚከተለው ነው፦

• በመኖሪያ ሰፈር፦ ቀን 55፣ ሌሊት 45
• በንግድ አካባቢ፦ ቀን 65፣ ሌሊት 55
• በኢንዱስትሪ አካባቢ፦ ቀን 75፣ ሌሊት 70

ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ እንደ ሌሊት ይቆጠራል።

ቁጥሮቹ በተግባር ምን ማለት ናቸው?

ሁለት ሰዎች ተቀራርበው በተለመደ ድምፅ ሲነጋገሩ ወደ 60 ዴሲቤል ይደርሳሉ። እንግዲህ በመኖሪያ ሰፈር የሌሊቱ ገደብ ከተራ ንግግር እንኳ ያነሰ ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎና እንደ ሜትር የሚደመር መለኪያ አይደለም። 10 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ያድጋል፤ ለጆሮም በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማል።

አንድ የድምፅ ማጉያ በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ይሰጣል እንበል። በክፍት ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ድምፁ 10 ሜትር ላይ 80፣ 40 ሜትር ላይ ደግሞ 68 ገደማ ይሆናል። በመካከል የሚከልለው ነገር ከሌለ ወደ 45 የሚወርደው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ነው። ሸራ ድንኳንና የቆርቆሮ ግድግዳ ይህን ብዙ አያግዱትም። በተለይ የቤዝና የከበሮ ድምፅ በግድግዳም ውስጥ ያልፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በመኝታ ክፍል ውስጥ የሌሊቱ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ጉዳዩ የጤና ጉዳይ ነውና። ከአጥሩ ማዶ የታመመ ሰው፣ አራስ እናት፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ወይም ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ጥበቃ ሊኖር ይችላል።

አቤቱታው የሚሄድበት መንገድ

1. ጎረቤት ለጎረቤት። ከሁሉ አስቀድሞ በር አንኳኩቶ በሰላም መነጋገር ይገባል። ካልሆነ የሰፈር ሽማግሌዎችና ዕድር አሉ። ብዙ ነገር እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

2. ወረዳ። ንግግር ካልፈታው ማመልከቻ በጽሑፍ ይቀርባል። ቀኑ፣ ሰዓቱና የድምፁ ምንጭ በግልጽ ይጻፍ፤ ሌሎች ጎረቤቶችም ቢፈርሙበት ይጠነክራል። ሕገ ወጥ ግንባታ፣ የመንገድ ላይ ንግድና ቆሻሻ መጣል የደንብ ማስከበር ሥራ ነው። የጸጥታ ችግር ደግሞ በየሰፈሩ ለተመደበው የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ይነገራል። ጠብ ወይም አደጋ ከተነሣ ግን ማመልከቻ አይጻፍም፤ ፖሊስ በ991፣ የእሳት አደጋ በ939 ይጠራል።

3. የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት። ድምፁ ከገደብ ማለፉ በመሣሪያ ተለክቶ ይታወቃል። በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ማመልከት ይችላል።

4. ፍርድ ቤት። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻውን ያስገባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝን አትርሱ።

“ስደት ነው” ከማለታችን በፊት

ማመልከቻው በቤተ ክርስቲያናችን ላይ ሲቀርብ በአንዳንዶቻችን አፍ ቀድሞ የሚመጣው ቃል “ስደት” ነው። በእርግጥ በወንጌል ላይ ካለ ጥላቻ የሚነሣ አቤቱታ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት እውነት አይደለም። ለመለየት የሚረዱ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ድምፁ በመሣሪያ ተለክቷል ወይስ በወሬ ብቻ ተወስኗል? ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ተሰጥቷል? የተጠየቅነው ድምፅ እንድንቀንስ ነው ወይስ አምልኮ እንድናቆም? በዚያው ሰፈር ያለው መጠጥ ቤትስ በዚሁ መለኪያ ተለክቷል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ለገደቡ ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች መካከል የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤናና የሌሎች መሠረታዊ መብቶች ይገኛሉ። የድምፅ ደረጃው የሚመለከተው ስንት ዴሲቤል እንደወጣ እንጂ ምን እንደተሰበከ አይደለም። ስለዚህ “ድምፁን ቀንሱ” የሚለውን ትእዛዝ መፈጸም እምነትን መካድ አይደለም። “አትሰብሰቡ” ከተባልን ግን ሕጋዊ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅና ይግባኝ ማለት መብታችን ነው።

“ሌሎቹስ ሌሊቱን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ይጠቀሙ የለም ወይ?” የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሕጉ በሁሉም ላይ እኩል መሥራት አለበት፤ ይህን መጠየቅም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሌላው ጥፋት ለእኛ ፈቃድ አይሆነንም። መጽሐፈ ምሳሌ እንኳ በማለዳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጎረቤቱን የሚመርቅ ሰው ምርቃቱ እርግማን ሆኖ እንደሚታሰብበት ይመክራል (ምሳሌ 27፥14)። ቃሉ በረከት ነው፤ ሰዓቱና ድምፁ ግን አበላሹት።

በኤፌሶን የሆነውንም እናስታውስ (ሐዋ. 19፥23-41)። ሕዝቡ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲጮኽ ያረጋጋው ሐዋርያ አልነበረም፤ የከተማው ጸሐፊ ነበር። አቤቱታ ያለው ሰው ችሎትና ሕጋዊ ጉባኤ እንዳለለት አስታውሶ ሕዝቡን አሰናበተ። ያ ሰው አማኝ መሆኑ አልተጻፈም፤ ሥራውን በሥርዓት በመሥራቱ ግን ለአማኞቹ መጠበቂያ ሆነ። ሕግ አክባሪ ወረዳ ለሁላችንም ይጠቅማል፤ ነገ አቤት የምንለው እኛ ልንሆን እንችላለንና።

ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ ልታደርገው የምትችለው

• ወደ ውጭ የዞሩ ማጉያዎችን አንሡ። አንድ ትልቅ ማጉያ ከማስጮኽ በአዳራሹ ውስጥ ትናንሽ ማጉያዎችን ለምእመናን አቅርቦ መትከል ይሻላል።
• ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የሚደረግ ጸሎት ያለ ማጉያ፣ መስኮት ተዘግቶ ይሁን።
• በሚክሰሩ ላይ የድምፁን ጣሪያ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ሰው ወጥቶ በአጥሩ ማዶ እንዲያዳምጥ መድቡ።
• ኮንፈረንስ ሲኖር ለጎረቤቶችና ለወረዳው አስቀድማችሁ ቀኑንና የሚያበቃበትን ሰዓት አሳውቁ። የአንድ ሽማግሌ ስልክ ለጎረቤቶች ቢሰጥ፣ ቅር ያለው ሰው ወደ ወረዳ ከመሄዱ በፊት ይደውላል።
• ድንኳንና የቆሙ መኪናዎች መንገድ አይዝጉ፤ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ማለፍ አለባቸው። የአዳራሹ መውጫ በሮችም በጉባኤ ሰዓት አይቆለፉ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ላይ ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግ የታዘዘው ለዚሁ ነው (ዘዳ. 22፥8)።

ማስጠንቀቂያ ከደረሰንም ፋይል ውስጥ አንቅበረው። በሙሴ ሕግ የበሬው ተዋጊነት ተነግሮት ሳለ ያላሰረ ባለቤት ፍርዱ ይከብድ ነበር (ዘፀ. 21፥29)። በዛሬውም አሠራር ተነግሮት ያልሰማ ሰው ይቅርታ ለማግኘት ይቸገራል።

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች የጻፈው የከተማይቱን ሰላም እንዲሹና ስለ እርሷ እንዲጸልዩ ነበር (ኤር. 29፥7)። የከተማ ሰላም ከአጥር ማዶ ከሚተኛው ሰው ይጀምራል። ለመጠጥ ቤቱ እንዲሠራ የምንፈልገውን ሕግ ለራሳችንም እንቀበለው። በዚህ እሑድ አንድ ሽማግሌ ይወከልና የአዳራሹን ጎረቤቶች “ድምፃችን ያስቸግራችኋል ወይ?” ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ለመሪዎች ያቅርብ።

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።