ሱፐር ሮቦት ዋርስ፦ ከየትኛው ልጀምር?

ዛሬ የማወራችሁ በገዛ ገንዘቤ ስለተማርኩት ነገር ነው።

ታናሽ ወንድሜ ዱባይ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። የሚያርፈው በሳምንት አንድ ቀን ነው። አብረውት የሚሠሩ ሶርያውያን በልጅነታቸው በአረብኛ ስላዩት «ግሬንዳይዘር» የተባለ የጃፓን ሮቦት ሲያወሩ ሰምቶ፣ «እንዲህ ያለ ጌም የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አዋቂ ነኝና «ሱፐር ሮቦት ዋርስ ኦጂ፦ ዘ ሙን ድዌለርስ» የሚባለውን የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ ገዝቼ ላክሁለት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ከሆነ ይበቃል ብዬ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ተጫውቶ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሰዎቹ ሁሉ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ እንግዳው እኔ ብቻ ነኝ» አለኝና ዘጋው። የዕረፍት ቀኑም የኔም ገንዘብ አብረው ሄዱ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ይህ ተከታታይ ጌም እ.ኤ.አ. በ1991 በጌም ቦይ የጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡ ከተለያዩ የጃፓን የካርቱን ፊልሞች የተውጣጡ ሮቦቶችን በአንድ ጦር ውስጥ ማሰለፍ ነው። ማዚንገር፣ ጌተር ሮቦና ጋንዳም ከመጀመሪያው ጀምሮ አሉ። ችግሩ እያንዳንዱ ፊልም የራሱ ባለመብት ስላለው፣ ጌሙን ወደ ሌላ አገር ለመሸጥ የሁሉንም ፈቃድ ማግኘት ግድ ይላል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት አብዛኞቹ ከጃፓን አልወጡም። «ኦጂ» የሚባለው ዘርፍ ግን ለጌሙ ብቻ የተፈጠሩ ገጸ ባሕርያትን ስለሚጠቀም ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ለጌም ቦይ አድቫንስ የተሠሩት ሁለቱ ኦጂዎች በ2006 አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተሸጡትም ለዚህ ነው። ሙን ድዌለርስ የዚያው ታሪክ ቀጣይ ነው፤ በመካከል ያለው የ2012ቱ የፕሌይስቴሽን 3 ክፍል ደግሞ በጃፓንኛ ብቻ ቀረ። ለወንድሜ የላክሁት እንግዲህ መሐሉ የተቀደደ መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መጀመሪያ የምትጠይቁት «ታሪኩ ራሱን የቻለ ነው ወይስ ቀጣይ?» የሚለውን ይሁን። አልፋ፣ ዜድ እና ኦጂ የሚባሉት ተያያዥ ናቸው። ቪ (2017)፣ ኤክስ (2018)፣ ቲ (2019)፣ 30 (2021) እና ዋይ (2025) ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የቆሙ ናቸው፤ ከየትኛውም መጀመር ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሽያጭ አገር ነው። ቪ፣ ኤክስ እና ቲ እንግሊዝኛ ቢኖራቸውም የተሸጡት ለእስያ ገበያ ነው። ቪ እና ኤክስ ስቲም ላይ ቢኖሩም ከእስያ ውጭ ላለ አካውንት አይሸጡም። የኒንቴንዶ ስዊች ካርትሪጅ በየትኛውም አገር ማሽን ስለሚሠራ የእስያውን ቅጂ አስመጥቶ መጫወት ይቻላል። ሻጩን ግን «የጃፓኑ ነው የእስያው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ፤ ሽፋኑ ይመሳሰላል፣ የጃፓኑ ደርሷችሁ ሳጥኑን ብቻ ስታዩ እንዳትውሉ። በፕሌይስቴሽን ደግሞ ተጨማሪ ይዘት ስትገዙ የአካውንታችሁ አገር ከዲስኩ ጋር መግጠም አለበት። 30 በስቲም በኩል በእንግሊዝኛ ለዓለም ተሽጧል፤ የኮንሶል ቅጂው ግን አሁንም የእስያ ነው። ዋይ ሲመጣ ነው በፕሌይስቴሽን 5፣ በስዊችም በስቲምም ለሁሉም የተከፈተው። ድምፁ በሁሉም ጃፓንኛ ነው፤ አማርኛ እንደሌለ መቼም ታውቃላችሁ። ንግግሩ ብዙ ስለሆነ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያደክመው ሰው ይህን አስቦ ይግባ።

አጨዋወቱ እንደ ዳማ ተራ በተራ ነው። ከእያንዳንዱ ጥቃት በፊት የመምታት ዕድላችሁ በመቶኛ ይታያል። «ሱፐር» የሚባሉት ሮቦቶች ቆዳቸው ወፍራም፣ ምታቸው ከባድ ነው፤ «ሪል» የሚባሉት ደግሞ ይሸሻሉ እንጂ ከተመቱ ብዙ አይችሉም። ጀማሪ የሚሸነፈው ገንዘቡን ለሃያ ሮቦት ሲያከፋፍል ነው። ሦስት ወይም አራት መርጣችሁ እነሱን አጠንክሩ። እያንዳንዱ አብራሪም «ስፒሪት» የሚባል ልዩ ትእዛዝ አለው፤ «ስትራይክ» ምታችሁ እንዳይስት ያደርጋል፣ «አለርት» ደግሞ የሚመጣውን አንድ ጥቃት ያስመልጣል። አለቃ ሮቦት ፊት ስትቆሙ ለነዚህ የሚሆን ነጥብ አስቀሩ። ብትሸነፉም ያገኛችሁት ገንዘብና ልምድ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ከድሮ ሴቭ ጀምሬያለሁ!

ወንድሜ አሁን ያለው ፕሌይስቴሽን 4 እና ተራ ላፕቶፕ ነው። ዋይ ለፕሌይስቴሽን 4 አልወጣም፤ ስለዚህ ምርጫው በላፕቶፑ 30 ወይም ዋይ ሆነ። 30ን መረጥኩለት። ቆየት ያለ ስለሆነ ቅናሽ ያገኛል፤ ተልእኮዎቹንም በካርታ ላይ በፈለገው ቅደም ተከተል ይመርጣቸዋል፣ ደክሞት ሲገባ ጌሙ ራሱ እንዲዋጋለት የሚያደርግ ምርጫም አለው። ለጀማሪ የሚሆን ቀላል ደረጃም አለ። ጉድለቱ ብዛቱ ነው፤ ተልእኮው ማለቂያ የለውም፣ አንዳንዱም የሚደጋገም ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ወይም ስዊች ያላችሁ ግን ሳትጨነቁ ዋይን ግዙ፤ ከካርትሪጅ ፍለጋው ትገላገላላችሁ። ታሪክ ወዳድ ሆናችሁ የድሮ ሥዕል የማያስጠላችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን የጌም ቦይ አድቫንስ ኦጂዎች፣ ከአንደኛው ጀምራችሁ።

ግሬንዳይዘርስ? የፕሌይስቴሽን 2 ጌም በሆነው ኤምኤክስ (2004) ውስጥ አለ፤ እሱ ግን በጃፓንኛ ብቻ ነው። 30 ውስጥ የለም። ይህን ስነግረው ወንድሜ ትንሽ ቅር አለው። ሆኖም የማዚንገር አብራሪ ኮጂ ካቡቶ በግሬንዳይዘር ፊልም ውስጥም ስላለ፣ ባለፈው ዓርብ ከሶርያዊው ጓደኛው ጋር ሆነው ሲጫወቱ ጓደኛው ገና ስሙን ስክሪኑ ላይ ሲያይ «ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ!» ብሎ ተነሣ አሉ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን አላስነካኝም ብሎ ደውሎ ከሰሰልኝ።