ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ልግዛ ወይስ ልቆይ? ከመወሰንዎ በፊት የሚሠራ ስሌት

በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል በሚደረግ ሠርቶ ማሳያ ላይ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር፣ ብዙ አርሶ አደሮች ዎኪንግ ትራክተር የሚሉት፣ ሲያርስ የተመለከተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከእሱ በፊት ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት። ይኸውም «በዓመት ውስጥ ስንት ሰዓት ሥራ አገኝለታለሁ?» የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እርስዎ ይህን ጥያቄ በወረቀትና በእርሳስ ራስዎ መመለስ እንዲችሉ ነው።

ማሽኑ የሚችለውና የማይችለው

በአካባቢያችን የሚገኙት አብዛኞቹ ከ12 እስከ 18 የፈረስ ጉልበት ያላቸው፣ በአንድ ፒስተን በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው። ከኋላ ማረሻ፣ ሮታቬተር ወይም ተጎታች ይገጠምላቸዋል። ሞተሩ በቺንጋ የውኃ ፓምፕና መውቂያ ማሽንም ያንቀሳቅሳል።

ስለ እርሻ ፍጥነቱ ብዙ የተጋነነ ወሬ ስለሚሰማ ራስዎ ያስሉት። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚያርስ መሣሪያ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሄድ 1,500 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ነገር ግን ዳር ላይ መዞር፣ የተጠመጠመ አረም መፍታትና ሹፌሩም ማረፍ አለ። ለዚህ ሁሉ ሲሶውን ሰዓት ይተዉለት፤ በሰዓት 1,000 ካሬ ሜትር ይቀራል። አንድ ጥማድ 2,500 ካሬ ሜትር ወይም ሩብ ሄክታር ስለሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል ማለት ነው። ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን ማሽኑ ከረፋዱ በፊት ይጨርሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ «በአንድ ቀን ሁለት ሄክታር ያርሳል» የሚልዎትን ሻጭ ግን በጥርጣሬ ያዳምጡት።

ወሳኙ መሬቱ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርት አርሶ አደር ውኃ በያዘ ማሳ ላይ የብረት ጎማ ገጥሞ ጭቃውን ሲያቦካ ማሽኑ በትክክለኛ ቦታው ነው። በቆጋ መስኖ ተጠቃሚ የሆነ አርሶ አደርም በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያርስ ማሽኑን ሁለት ወቅት ያሠራዋል። በሌላ በኩል በደረቅ ዋልካ አፈር ላይ ቀድሞ ለማረስ አስበው የሚገዙት ከሆነ ይጠንቀቁ። ማሽኑ ቀላል ነው፤ ማረሻውን ወደ ታች የሚጫን በቂ ክብደት ስለሌለው በደረቀ ዋልካ ላይ ይንሸራተታል። እንደ በሬው ሁሉ እሱም የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠብቃል። ድንጋይ የበዛበት ማሳ የሮታቬተሩን ቢላዎች ይሰብራል። ተዳፋት ላይ ደግሞ ሮታቬተር ደጋግሞ ማስኬድ አፈሩን እንደ ዱቄት አልሞ ለጎርፍ ማስረከብ ነው፤ እርከን የሠራንበትን ድካም በአንድ ክረምት ያጠፋዋል።

የሰዓት ሂሳብ

ከዚህ በታች ያሉት የብር ቁጥሮች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው። በእያንዳንዱ ቦታ በአካባቢዎ ገበያ ያገኙትን ይተኩበት።

ትራክተሩ ከማረሻ፣ ከሮታቬተርና ከተጎታች ጋር 400,000 ብር ነው እንበል። አምስት ዓመት በደንብ ያገለግላል ብለን ብናስብ በየዓመቱ 80,000 ብር ከዋጋው ያልቃል። ገንዘቡ የብድር ከሆነና ወለዱ 15 በመቶ ቢሆን፣ ዕዳው እየቀነሰ ስለሚሄድ በአማካይ በ200,000 ብር ላይ ይታሰባል፤ ይህ በዓመት 30,000 ብር ነው። ድምሩ 110,000 ብር ይሆናል። ማሽኑ አንድ ቀን ባይነሳም ይህ ወጪ አይቀርም። ሞተር ሲቆም ናፍጣ አይበላም፤ ብድር ግን ሌሊትም ይበላል።

ሲሠራ ደግሞ የራሱ ወጪ አለው። በሰዓት 2 ሊትር ናፍጣ በ130 ብር 260 ብር፣ ለዘይትና ለመለዋወጫ 120 ብር፣ ለሹፌር 120 ብር፤ በድምሩ 500 ብር። የሚነዳው ልጅዎ ቢሆንም የሹፌሩን ሂሳብ አይሰርዙ፤ እሱም በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር።

ለሌላ ሰው አንድ ጥማድ አንድ ጊዜ ለማረስ 2,000 ብር ቢከፈልዎ በሰዓት 800 ብር ነው። ከዚህ 500 ሲቀነስ በሰዓት 300 ብር ይተርፋል። እንግዲህ 110,000ን ለ300 ያካፍሉ። ማሽኑ ወጪውን ብቻ ለመሸፈን በዓመት 367 ሰዓት መሥራት አለበት። ትርፍ የሚባለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አሁን ወደ ራስዎ ማሳ ይመለሱ። 1 ሄክታር ተኩል ወይም 6 ጥማድ ቢኖርዎና ሦስት ጊዜ ቢያርሱት 45 ሰዓት ነው። ይህ ለሌላ ባለ ማሽን ይከፍሉት የነበረውን ስላዳነልዎ እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ ግን ከ367 ሰዓት ውስጥ 45 ብቻ ነው። ቀሪው የሚገኘው ከጎረቤት ማሳ ነው። እዚህ ላይ የሚዘነጋው የቀን መቁጠሪያው ነው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ 60 ቀን አለ። ሰንበቱን፣ የማይታረስባቸውን የወር በዓላት፣ ከባድ ዝናብ የሚጥልባቸውንና ማሽኑ የሚጠገንባቸውን ቀናት ሲያነሱ 30 የሥራ ቀን ቢቀርዎ ጥሩ ነው። በቀን 6 ሰዓት ቢያሠሩት 180 ሰዓት ይሆናል። የራስዎ 45 ሰዓትም በዚህ ውስጥ ነው። ከማሳ ወደ ማሳ የሚሄድበት ጊዜ ግን አይቆጠርም፤ ናፍጣ እንጂ ገቢ የለውም።

ስለዚህ እርሻ ብቻውን የሚሸፍነው የሚያስፈልገውን ሰዓት ግማሽ ያህል ነው። 187 ሰዓት ይጎድላል። ይህን የሚሞሉት ተጎታቹ፣ መውቂያውና ፓምፑ ናቸው። በተጎታች 10 ኩንታል ያህል መጫን ይቻላል፤ እህል ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያ ከኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ድንጋይና አሸዋ ለሚገነባ ጎረቤት። የሰዓት ትርፉ ከእርሻው ጋር እኩል ነው ቢባል፣ በሳምንት ሁለት የገበያ ቀን በቀን ሦስት ሦስት ሰዓት ለ31 ሳምንታት ሠርቶ ነው ጉድለቱ የሚሞላው። በቀበሌዎ ይህን ያህል የሚጫን ነገር አለ? መንገዱስ በክረምት ያሳልፋል? ቀድሞ የገባ ባለ ባጃጅ ወይም ባለ ጋሪ ሥራውን ይዞት ከሆነስ? በእኔ ግምት የግዢው ውሳኔ የሚወድቀውና የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ማረሻው ሰውን ወደ ግዢ ይስባል፣ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ተጎታቹ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይሞክሩ። ናፍጣ በሊትር 30 ብር ቢጨምርና የእርሻ ዋጋው ባለበት ቢቆይ የሰዓት ትርፉ ወደ 240 ብር ይወርዳል፤ የሚያስፈልገው ሰዓትም 458 ይሆናል። በዚህ ቁጥር ላይም ሥራው የሚገኝ ከሆነ ግዢው ጠንካራ ነው።

በሬዎቹን ምን እናድርጋቸው?

ቅድሚያ ክፍያ ለማሟላት ሁለቱንም በሬ ሸጦ ማሽን መግዛት በየዓመቱ የሚቀርብልን ሐሳብ ነው። አንመክረውም። በሬ ሲያረጅ ደልቦ ይሸጣል፤ ማሽን ሲያረጅ ብረት ነው። ኩበቱና ፍግ ማዳበሪያው፣ የማሳው ጠርዝና ማሽን የማይገባበት ተዳፋት፣ ማሽኑ በተበላሸ ቀን የሚጠብቀው ዘር፣ ሁሉም በሬ ይፈልጋሉ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ጥማድዎን ይዘው ይቆዩ። በሁለተኛው ዓመት፣ የማሽኑን ጠባይ ካወቁ በኋላ፣ አንዱን ሸጠው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ መሥራት ይችላሉ።

ገንዘቡና ውሉ

በክልላችን ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስን የመሰሉ ድርጅቶች በሊዝ ያቀርባሉ። በሊዝ ሲሆን ማሽኑ ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ የድርጅቱ ንብረት ነው፤ በመሀል መሸጥም ማስያዝም አይቻልም። ባንክ ሲሆን ደግሞ ዋስትና ይጠይቃል። በሁለቱም መንገድ ከወለዱ እኩል የሚያስጨንቅዎ የመክፈያው ወር ይሁን። ሰኔና ሐምሌ ላይ ክፍያ የሚጠይቅ ውል ገንዘቡ በማዳበሪያና በዘር ባለቀበት ጊዜ ይመጣል። ክፍያው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ እንዲሆን ከመፈረምዎ በፊት ይደራደሩ።

በቡድን መግዛት ሰዓቱን ለመሙላት ጥሩ መንገድ ነው፤ የአራት ሰው ማሳ ከአንድ ሰው ማሳ ይበልጣል። የሚያፈርሰው ግን የመጀመሪያው ዝናብ ነው። ዝናቡ የዘነበ ለት ሁሉም ማሳው እንዲታረስ ይፈልጋል። ስለዚህ ተራው በዕጣ ተለይቶ፣ በየዓመቱ እየዞረ፣ አስቀድሞ በወረቀት ይፈረም። ሹፌሩ አንድ ሰው ይሁን። አራት ሰው የሚነዳው ማሽን ሲበላሽ ያበላሸው አይታወቅም። የሠራበት ሰዓትና የተቀዳለት ናፍጣም በደብተር ይመዝገብ።

መለዋወጫ

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለሻጩ እነዚህን በስም እየጠሩ ይጠይቁ፦ ቺንጋ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የሮታቬተር ቢላ፣ ኩሽኔታ፣ ኖዝል። «ይመጣል» የሚል መልስ አይቀበሉ፤ መደርደሪያው ላይ ያሳይዎ። 30 የእርሻ ቀን ባለበት ወቅት አሥር ቀን መለዋወጫ መጠበቅ የዓመቱን የእርሻ ገቢ ሲሶ መጣል ነው። በዚህ ምክንያት ከሁለት ማሽኖች አንዱ በወረዳዎ ብዙ ሰው ያለው፣ ሌላው ርካሽ ግን ብቸኛ ከሆነ የመጀመሪያውን ይምረጡ። ጎረቤትዎ ያለው መለዋወጫና የከተማው መካኒክ ልምድ እንደ ዋጋ ቅናሽ ይቆጠራል።

የማሽኑ የየዕለት እንክብካቤ ከባድ አይደለም፤ መረሳት ግን የለበትም። ጠዋት ዘይቱና ውኃው ይታያል። ብዙዎቹ ሞተሮች ውኃው እየፈላና እየተነነ የሚቀዘቅዙ ስለሆኑ በሥራ መሀልም ውኃ ይጨመርላቸዋል። ውኃው አልቆ በጋለ ሞተር ላይ ግን ቀዝቃዛ ውኃ አያፍሱ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። አጥፍተው፣ እስኪበርድ ይጠብቁ። በአቧራ ወቅት የአየር ማጣሪያው በየቀኑ ይጸዳ። የሞተር ዘይቱ በየ100 ሰዓቱ ይቀየር፤ አዲስ ማሽን ሲሆን የመጀመሪያው ቅያሪ ከዚያ በጣም ቀድሞ፣ በመመሪያው ላይ በተጻፈው ሰዓት ይሁን።

ቁልቁለት

ይህ ክፍል የሚመለከተው ተጎታች የሚጭኑትን ሁሉ ነው፤ ለሚቀጥሩት ሹፌር ጮክ ብለው ያንብቡለት።

ሜዳ ላይ ወደ ግራ ለመዞር የግራውን የመዞሪያ እጀታ ይጨብጣሉ። የግራው ጎማ ከሞተሩ ይለያል፣ የቀኙ ይገፋል፣ ማሽኑም ወደ ግራ ይዞራል። ጭነት ይዘው ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተጎታቹ ከኋላ እየገፋ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ጎማዎቹን ይዞ እያዘገየ ነው። የግራውን እጀታ ሲጨብጡ የግራው ጎማ ከሞተሩ ይለቀቅና ይፈጥናል፤ ማሽኑም ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህን የማያውቅ ሹፌር ከገደል ለመራቅ ብሎ ወደ ገደሉ ይገባል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ይቁሙ፣ ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ፍሪሲዮን ሳይነኩና ማርሹን ነፃ ሳያደርጉ በዝግታ ይውረዱ። አቅጣጫውን መያዣውን በእጅ በመግፋት ብቻ ያስተካክሉ። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው አይግዙት፤ በጭነቱ ላይም ሰው አያስቀምጡ።

ከቤትዎ እስከ ገበያ ባለው መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ረጅም ቁልቁለት ካለ ከላይ ካሰሉት የተጎታች ሰዓት ላይ የዚያን መንገድ ጉዞዎች ይሰርዙና ሂሳቡን እንደገና ይሥሩት። ውጤቱ ከሚያስፈልገው ሰዓት በታች ከሆነ ለዘንድሮው ክረምት ማሽን ካለው ሰው በጥማድ ተከራይተው ያሳርሱ፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ስንት ሊትር እንደበላና ስንት ጎረቤት «ለእኔም» ብሎ እንደመጣ ይመዝግቡ። ያንን ደብተር መስከረም ላይ ይዘው ወደ ቀበሌዎ የልማት ባለሙያ ቢመጡ በእኛ የምሳሌ ቁጥሮች ምትክ የራስዎን አስገብተን አብረን እናሰላዋለን።