ሱፍ ነው ወይስ ፕላስቲክ? የብርድ ልብሳችሁ ሳይንስ

«ሱፍ» የምትባለዋ ቃል ትንሽ ተንኮለኛ ናት። በጾም ወቅት እናት «ሱፍ ግዙ» ካሉ የፈለጉት ለፍትፍት የሚሆነውን የቅባት እህል ነው። «ልጁ ሱፍ ለብሷል» ሲባል ደግሞ ኮትና ሱሪው አንድ ዓይነት ሆኖ አምሮበታል ማለት ነው። አምቦ ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ «ይሄ ብርድ ልብስ ንጹሕ ሱፍ ነው» ቢላችሁ ግን የሚያወራው ስለ በግ ፀጉር ነው። እውነቱን ይሆን?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ከቆላ ለመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀልድ አይደለም። ወደ ጀልዱ ወይም ወደ ወንጪ ከወጣችሁማ ብርዱ ይብሳል። የተቀጣጠለ ከሰል አጠገብ ደርባችሁት የምትቀመጡት ልብስ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ደግሞ ከቃጠሎም ያድናል።

ብርድ ልብስ አያሞቅም

እስቲ ባዶ አልጋ ላይ የተዘረጋ ብርድ ልብስ ንኩ። ቀዝቃዛ ነው አይደል? ሙቀቱ የሚመጣው ከእናንተ ሰውነት ነው፤ የብርድ ልብሱ ሥራ እንዳይወጣ መያዝ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ዋናው መሣሪያ አየር ነው። ባለበት የቆመ አየር ሙቀትን በጣም ቀስ አድርጎ ያስተላልፋል።

የበግ ሱፍ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። እያንዳንዷ ዘለላ ቀጥ ያለች አይደለችም፤ እንደ ሞገድ ትጠማዘዛለች። ምክንያቱም በውስጧ ባሕርያቸው የሚለያይ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ጎንና ጎን ተደርድረዋል። የተጠማዘዙ ዘለላዎች ተጠጋግተው መተኛት ስለማይችሉ በመካከላቸው ብዙ አየር ይይዛሉ። ብትጫኗቸውም ተመልሰው ይነፋሉ።

ከእርጥበት ጋር ያለው ነገርም ይገርማል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሱፍ በመካከለኛ እርጥበት ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ከአየሩ 160 ግራም ገደማ ውኃ ይመጣል። ጥጥ 80 ግራም ገደማ፣ ፖሊስተር ግን 4 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚወስደው። ሱፍ እንፋሎቱን ሲስብ ደግሞ ጥቂት ሙቀት ይለቃል። ጋቢ በዝናብ ሲበሰብስ ክሮቹ ተኝተው አየሩን ያጣል፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ቢሆን ቅርጹን በከፊል ይይዛል። የደጋ እረኛ በርኖስ የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ የአምቦ በግ ምን ነካው?

አምቦ ገበያ የሚወጡትን በጎች ልብ ብላችሁ ካያችሁ ብዙዎቹ ፀጉራቸው አጭርና ለስላሳ ነው። በምዕራብ ኦሮሚያ የታወቀው የሆሮ በግ እንዲህ ያለ ነው፤ የሚረባው በዋናነት ለሥጋ ነው። ከፀጉሩ ክር መፍተል አይታሰብም። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው የመንዝ ደጋ ግን ሌላ በግ አለ። የመንዝ በግ ሱፍ አለው፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፣ ባና የሚባለው ወፍራም ብርድ ልብስም ከዚያ ይወጣል።

የዱር በጎች ከላይ ሻካራ ፀጉር፣ ከሥር ስስ ሱፍ ነበራቸው። ሰው በጎችን ካለመደ በኋላ በብዙ ሺህ ዓመታት ሱፋሞቹን እየመረጠ ሲያራባ የሥረኛው ሱፍ በዛ። የመንዝ ሱፍ ግን አሁንም ከሻካራ ፀጉር ጋር የተቀላቀለ ነው። ባና ቆዳን የሚወጋውም ለዚህ ነው፦ ከ30 ማይክሮን በላይ የሚወፍር ዘለላ ጫፉ አይታጠፍም፣ ይወጋል። ለስላሳው የሜሪኖ በግ ሱፍ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 24 ማይክሮን ነው።

ሁሉም «ቃጫ» አንድ አይደለም

ሱፍ የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ የእናንተ ፀጉርና ጥፍርም ከዚሁ ነው። የጋቢው ጥጥና በወንጪ አካባቢ ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ ግን በዋናነት ሴሉሎስ ናቸው፤ ይህም የወረቀት ዋና ንጥረ ነገር ነው። አክሪሊክና ፖሊስተር ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የሚሠሩ ፕላስቲኮች ናቸው። ሦስቱ ቤተሰቦች እሳት ሲነካቸው ይለያያሉ፦

ሱፍ፦ ከእሳቱ ይሸሻል፣ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይፈርሳል። እሳቱን ስታርቁት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል።
ጥጥ፦ ቶሎ ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል።
አክሪሊክና ፖሊስተር፦ ይቀልጣሉ፣ ሲደርቁ ጠንካራ እንክብል ይሆናሉ።

ሱፍ ራሱ የሚጠፋው ለምንድን ነው? በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ነው። ሱፍ እየነደደ እንዲቀጥል ግን 25 በመቶ ገደማ ያስፈልገዋል። ለጥጥ 18 በመቶ ገደማ ይበቃዋል።

የቀለጠ ፕላስቲክ አደጋው ቆዳ ላይ መጣበቁ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ የተጣበቀውን አትላጡ። ቦታውን በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የጥርስ ሳሙናም ሊጥም አትቀቡ።

ያለ እሳት መፈተሽ

ለማወቅ እሳት መጫር የግድ አይደለም። ከብርድ ልብሱ ጫፍ ሁለት ሦስት ክር ምዘዙና በብርጭቆ በተቀዳ ትንሽ በረኪና ውስጥ ክተቱ። በረኪና ኬራቲንን ስለሚበላ ሱፉ አረፋ እያወጣ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ጥጥና አክሪሊክ ግን አይሟሙም። ግማሹ ክር ጠፍቶ ግማሹ ከቀረ ድብልቅ ነው ማለት ነው። ሙከራውን ከትልቅ ሰው ጋር፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ ሥሩ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ።

ከዚሁ ሙከራ አንድ የቤት ትምህርት ይገኛል፦ የሱፍ ልብስ በበረኪና አይታጠብም። በፈላ ውኃ እየታሸም አይታጠብም። የሱፍ ዘለላ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው፤ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ወደ ኋላ አይመለሱም። የአዋቂ ሹራብ የሕፃን ሹራብ ይሆናል። ቤታችሁ ባና ወይም እውነተኛ የሱፍ ሹራብ ካለ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ ሳትጠመዝዙ ውኃውን ጨምቁ፣ ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ አድርቁት።