ስለ ኮሌስትሮል ባሕርይ

ኮሌስትሮልን ብዙ ሰው ስሙን የሚሰማው የደም ምርመራ ውጤት በተነገረው ዕለት ብቻ ስለ ሆነ፣ ከውጭ ሾልኮ የገባ ባላጋራ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ይህ ሰም መሰል ቅባት የእያንዳንዱን ሕዋስ ሽፋን የሚያጸና፣ ሐሞትና ልዩ ልዩ ሆርሞኖች የሚሠሩበት፣ እጅግም ተፈላጊ ከመሆኑ የተነሣ አብዛኛውን ሰውነት ራሱ፣ ምግብን ሳይጠብቅ፣ የሚያዘጋጀው ነው።

ቅባትና ውሃ ስለማይዋሐዱ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው ከፕሮቲን ጋር ተጠቅልሎ ነው። ከጥቅሎቹ አንዱ ኤል ዲ ኤል የተባለው እንደ ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ይዞ ወደየሕዋሱ ይዘልቃል፤ ተቀባይ ሲያጣ ግን በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየሰረገ ይከማቻል፣ ከብዙ ዓመትም በኋላ መተላለፊያውን አጥብቦ ልብንና አንጎልን ለአደጋ ያጋልጣል። ኤች ዲ ኤል በአንጻሩ ትርፉን ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት፣ ኤል ዲ ኤልን ከደም የሚስቡ ተቀባዮች በሕዋሳት ላይ መኖራቸውን ስለ ገለጡ ነው። በዚህ ምሥጢር ብዙ ነገር ይፈታል፤ ቅቤና ጮማ የሚያዘወትር ሰው ኤል ዲ ኤሉ ከፍ የሚለው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ስብ የጉበትን ተቀባዮች ስለሚያሳንስ ነው፤ ተቀባዮቹ በዘር ጎድለውበት የተወለደ ሰውም፣ ቀጭን ቢሆን እንኳ፣ ደሙ በኮሌስትሮል ይሞላል፤ እንዲህ ላለው ሰው ከስታቲን ወገን የሆነ መድኃኒት ያስፈልገዋል እንጂ መቅጠን ብቻ አይበቃውም።

በየሱቁ በዘይት ጀሪካን ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ የሚጻፈው፣ እውነት ቢሆንም፣ ገዢን የሚያዘናጋ ነው፤ የዕፅዋት ዘይት ከጥንቱም ይህ ነው የሚባል ኮሌስትሮል የለበትምና። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ያው የሚረጋው ስብ ስለ ሆነ፣ ከፍስክ ተከልክሎ በፓልም ዘይት የተጥለቀለቀ ወጥ የሚበላ ጾመኛ፣ ስለ ነፍሱ አልናገርም እንጂ፣ ለደም ሥሩ ያተረፈለት ጥቂት ነው። ምስሩ፣ ባቄላውና ገብሱ ግን በእውነት ይረዱታል፤ በውስጣቸው ያለው በውሃ የሚሟሟ አሰር ሐሞትን ይዞ ስለሚወጣ፣ ጉበት ሌላ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ይወስዳል።

ክብደትን በተመለከተ፣ ከልክ በላይ የወፈረ ሰው ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ቢቀንስ፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ በግልጥ ይወርዳል፣ ኤል ዲ ኤልም በመጠኑ ይከተለዋል። ነገር ግን የመንገዱ አጋማሽ አሳሳች ነው፤ ስብ በሚቀልጥበት ወራት በውስጡ ተከማችቶ የኖረው ኮሌስትሮል ወደ ደም ስለሚለቀቅ ልኩ ለጊዜው ሊጨምር፣ መልካሙ ኤች ዲ ኤልም ሊቀንስ ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው በእግር ጉዞና ምግብን በመመጠን ከደከመ በኋላ ውጤቱን ሲያይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቀድሞው ማዕዱ ይመለሳል። ከሁሉ የሚከፋው መቸኰል ነው፤ በየሳምንቱ ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ የሚቀንስ ሰው፣ ጉበቱ ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አብዝቶ ስለሚያፈስ፣ የሐሞት ጠጠር ያሰጋዋል። ስለዚህ በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ይበቃል፤ ደሙም እንደ ገና መመርመር ያለበት ክብደቱ ወርዶ ለጥቂት ሳምንታት በአንድ ልክ ከጸና በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ኤች ዲ ኤል ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው ልኩ ከፍ ብሎ ይገኛል።