በጉበት ኦፕራሲዮን ጊዜ ጉሉኮስ ለምን ይቀነሳል?



ባለፈው ወር አንድ አባት ጉበታቸው ላይ በወጣ እጢ ምክንያት ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄዱ። ያስታመማቸው ልጃቸው ሲመለስ በንዴት ወደ ክሊኒካችን መጣና «ውሃ ከለከሏቸው፤ ጉሉኮሱንም ጠብ ጠብ ነው የሚያደርጉት። ስደተኛ ስለሆንን ነው» አለን። በካምፓችን ጉሉኮስ ማለት ጉልበት ማለት ስለሆነ ንግግሩ አልገረመንም። ያልተተከለለት ሰው ያልታከመ ይመስለናል። በጉበት ኦፕራሲዮን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጉበት ደም የበዛበት አካል ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰው ጉበት ውስጥ በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ያልፋል፤ ልብ ከሚረጨው ሩቡ ያህል ማለት ነው። ደሙ በሁለት መንገድ ይገባል፤ አንዱ ከልብ በሚመጣው ደም ቅዳ፣ ሌላው ከአንጀት ምግብ ይዞ በሚመጣው ትልቅ የደም ሥር። ከዚያም በጉበት ደም መልሶች ወጥቶ ወደ ልብ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1908 ፕሪንግል የተባለ የግላስጎው ሐኪም ወደ ጉበት የሚገባውን ደም ለጊዜው በመቆንጠጥ ማቆም እንደሚቻል ጻፈ። ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን መግቢያው ቢዘጋም በመውጫው በኩል ያለው ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈሳል። የጉበት ደም መልሶች እንደ እግራችን ደም መልሶች ወደ ኋላ የሚያግድ መዝጊያ የላቸውም። ጉበት ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው መድማት ከእነዚህ የሚመጣው ነው።

የቦኖውን ጎማ አስቡት። ጠዋት ውሃው በሙሉ ኃይል ሲመጣ የተቀደደ ጎማ ይረጫል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ግን ከዚያው ቀዳዳ ጠብ ጠብ ይላል። የደም ሥርም እንዲሁ ነው። ብዙ ጉሉኮስ በገባ ቁጥር ወደ ልብ የሚመለሰው ትልቅ ደም መልስ ይወጠራል፣ ግፊቱም ወደ ጉበት ይተላለፋል። ስለዚህ ማደንዘዣ ሰጪው ጉበቱ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ፈሳሹን ይቆጥባል። ግፊቱን በአንገት በኩል በገባ ቀጭን ቱቦ የሚለኩ ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ሊያቆዩት ይሞክራሉ። መቁረጡ አልቆ መድማቱ ሲቆም የቀረው ፈሳሽ ይሰጣል፤ ካስፈለገም ደም ይጨመራል።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ፈሳሽ ከመጠን በታች ሲሆን የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ በተከፈተ ደም መልስ አየር ሊገባም ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያው ከታማሚው አጠገብ ሳይለይ ግፊቱንና ሽንቱን የሚከታተለው። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ የሚፈሰው ደም ይቀንሳል። ደም እንደ ልብ በማይገኝበት በእኛ አካባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እዚህ ቱርካና ከውሻ የሚመጣው የሃይዳቲድ እጢ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። አምሬፍ እ.ኤ.አ. በ1983 የመከላከል ሥራ የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ውሃ የቋጠረ እጢ ብዙ ጊዜ ጉበቱ ሳይቆረጥ ይወጣል፤ አንዳንዱም በአልበንዳዞል ክኒን ይታከማል። ስለዚህ የአንዱን ሰው ሕክምና አይታችሁ ለሌላው አትፍረዱ።

ደግሞ ይህን አንብባችሁ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ውሃ እንዳትከለክሉ! እሱ ኦ አር ኤስ በብዛት መጠጣት አለበት። እዚህ የምንናገረው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ስለሚደረግ ቁጥጥር ብቻ ነው።

አስታማሚዎች፣ የጉሉኮሱን መቆጣጠሪያ አትንኩ። እኔ ራሴ አንድ ወንድም «ቶሎ ይግባላቸው» ብሎ ሙሉ በሙሉ ከፍቶት አግኝቻለሁ። ከኦፕራሲዮን በፊትም ሻይ በወተት ደብቃችሁ አታጠጡ። አብዛኛውን ጊዜ ምግብና ወተት ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ ሆስፒታሉ ሌላ ሰዓት ከነገራችሁ የእሱን ያዙ። ደም የሚሰጥ ጤነኛ ዘመድ ካለ ቀድሞ ይዘጋጅ።

ሪፈር የተጻፈላችሁ ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት ወደ ክሊኒኩ ብቅ በሉ። ሐኪሙን የምትጠይቁትን በስዋሂሊ ወይም በእንግሊዝኛ ጽፈን እንሰጣችኋለን።