ከጉዞ በፊት ሁለት ሳምንት፦ አረጋውያንና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት

በታኅሣሥ ወር ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከአገራችን ወደ አሜሪካ የሚጓዙ አረጋውያን ወላጆች የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ በሚበረታበት ወቅት ነው። ክትባቱን በጉዞው ዋዜማ ማሰብ ግን መዘግየት ነው እንላለን። ክትባት ወዲያው አንግበውት የሚወጡት ጋሻ አይደለም፤ ለሰውነት የሚሰጥ ትምህርት ነው። ነጭ የደም ሴሎች ሄማግሉቲኒን የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን ለይተው፣ ተባዝተው በቂ አንቲቦዲ እስኪያመርቱ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

በእርጅና ዘመን ይህ ትምህርት ይከብዳል። ቲ ሴሎች የሚጎለምሱበት የታይመስ እጢ ከጉርምስና ጀምሮ እየሟሸሸ ስለሚሄድ አዲስ ነገር የሚማሩ ሴሎች ይመናመናሉ። በመሆኑም በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች የተፈቀደው ልዩ ክትባት ለእያንዳንዱ የቫይረስ ዝርያ 60 ማይክሮግራም ሄማግሉቲኒን ይዟል፤ በተለመደው ክትባት ውስጥ ያለው 15 ነው። መምህሩ ድምፁን ከፍ አደረገ ቢባል ያስኬዳል።

አምና ተከትበናል ብሎ መዝናናትም አያዋጣም። አንቲቦዲው በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ ቫይረሱም መልኩን ይለውጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ይዘት ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በየካቲት፣ ለደቡቡ በመስከረም ገደማ በየዓመቱ የሚመክረው ለዚህ ነው። በሰኔ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ መንገደኛ የሚገባው በዚያ አገር ቅዝቃዜ መካከል መሆኑንም ልብ ይሏል።

ክትባቱ በሽታውን ፈጽሞ አያስቀርም፤ አረጋውያን በኢንፍሉዌንዛ ሳቢያ ሆስፒታል የመተኛታቸውን አደጋ ግን ይቀንሳል። እንግዳውን የሚቀበሉት ልጆችና የልጅ ልጆች አስቀድመው ቢከተቡ ደግሞ ቫይረሱ ወደ ቤት የሚገባበት በር ይጠባል።